ቀይ ቀበሮን ፎቶ ለማንሳት የት ይሻላል? ሳነቴ፣ ወይብ፣ ጓሳ ወይስ ሰሜን ተራሮች

ቀይ ቀበሮ ማየት ዕድል ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ ደግሞ የትም የሉም። ግን እንደ ነብር ጫካ ውስጥ የሚደበቅ እንስሳ አይደለም። ዛፍ በማይበቅልበት ውርጭ፣ በሣርና በረግረግ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ ወዲያ ወዲህ የሚል ነው። ቦታውን ካወቃችሁ ታዩታላችሁ። የሚከብደው ፎቶው ነው። ብዙ ሰው ይዞ የሚመለሰው መንገድ ሲያቋርጥ ከኋላው የተነሳ ጭራ ነው።

በተደጋጋሚ የሚጠሩት አራት ቦታዎች ናቸው። የባሌው ሳነቴ፣ እዚያው ባሌ ያለው የወይብ ሸለቆ፣ የመንዙ ጓሳ እና ሰሜን ተራሮች። አርሲና ወሎ ተራሮች ላይም አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን እነዚያን አልመክርም።

ለቸኮለ ሰው መልሴ አጭር ነው። አይታችሁት የማታውቁ ከሆነ ሳነቴ። አይታችሁት፣ አሁን የምትፈልጉት ሲያድን፣ ሲጫወት፣ እርስ በርስ ሲላላስ ከሆነ ወይብ። ከአዲስ አበባ ብዙ ሳትርቁ ከጭላዳ ጋር በአንድ ፎቶ ማስገባት ከፈለጋችሁ ጓሳ። ሰሜን ተራሮች ለዋልያና ለጭላዳ ይኬዳል፤ ቀይ ቀበሮ ከተገኘ ምርቃት ነው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ነው።

መጀመሪያ አይጡን ፈልጉ

ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ቀበሮ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከአድማስ አንስቶ መሬት ላይ ማድረግ አለበት። ባሌ ውስጥ ሌላ ቦታ የሌለ ግዙፍ ፍልፈል አለ። ትልቁ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ይግጥና ተመልሶ ይገባል። በቀን ውስጥ ላይ ላዩን የሚቆየው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እሱ የሚወደው አፈሩ ጠለቅ ያለና እርጥበት ያለው ሜዳ ነው፤ የኩሬና የረግረግ ዳር ማለት ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ትኩስ የተቆፈረ ጥቁር አፈር፣ ዙሪያው የተላጨ ሣር፣ አጠገቡ የቆመች ቡናማ ትንሽ ወፍ። ወፏ ፍልፈሉ ከሚቆፍረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮሃለች፤ ፍልፈሉም ይሰማታል። እንዲህ ያለ ሜዳ ካገኛችሁ መዞሩን አቁሙ። ቀበሮው እዚያ ይመጣል።

ከተራ ቀበሮ ጋር እንዳታምታቱት ደግሞ። ተራ ቀበሮም ደጋ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው፤ አፉ ሹል፤ ቀለሙ የሸክላ ቀይ። ጉሮሮው፣ ደረቱና የእግሩ ውስጥ ነጭ ነው። የጭራው ጫፍ ጥቁርና ጎፈሬ። ተራው ግራጫማና አቧራማ ነው፤ ነጩና ቀዩ እንዲህ ጎልቶ አይለይበትም። አንዴ ጎን ለጎን ያያቸው ሰው ዳግም አይሳሳትም።

ሳነቴ፦ በመኪና የሚታይ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከዓለም ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚህ ነው። ከፓርኩ ውስጥ ደግሞ በቀላሉ የሚደረስበት የሳነቴ አምባ ነው። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል።

የሳነቴ ጥቅሙ ይኸው መንገድ ነው። ቀበሮዎቹ መኪና ለምደዋል። ከመኪና ሳትወርዱ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ ፊቱን የሞላ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ጅብራው እንደ ዓምድ ቆሞ ከኋላ ይገባላችኋል። ትንንሾቹ ኩሬዎች ጠዋት ነፋስ ከሌለ መስታወት ናቸው። ዕድል ከቀናችሁ ነጭ አንገት ያላት ዋትልድ ክሬን የምትባለውን ሽመላ መሰል ትልቅ ወፍ፣ ወይም ብርቱካናማ ዳክዬዎችን ታያላችሁ።

ጉዳቱም መንገዱ ነው። ፎቶው "ከመኪና የተነሳ" ይመስላል፤ ከላይ ወደ ታች። ይህን ለማስተካከል መስኮቱን እስከ ታች ክፈቱና ሌንሱን በሩ ላይ አስደግፉት። ሩዝ ወይም ሽንብራ የሞላ ትንሽ ከረጢት ከማንኛውም ትራይፖድ ይበልጣል። ሞተሩን ደግሞ አጥፉ። ሾፌሮች አይወዱትም፤ ብርዱ ስለሚገባ። ግን ሞተር እየሠራ የተነሳ ፎቶ በረጅም ሌንስ ሁሌም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው ችግር ሰዎች ከመኪና ምግብ መወርወራቸው ነው። ቀበሮው መንገዱን የምግብ ቦታ አድርጎ ከቆጠረው ለጭነት መኪና ጎማ ተዳርጓል ማለት ነው። እዚህ መንገድ ላይ በመኪና የተገጩ አሉ። "ቢስኩት ወርውርለት፣ ይጠጋል" የሚል አብሯችሁ ከተቀመጠ ዝም አትበሉት።

ማደሪያው ጎባ ወይም ሮቤ ነው። ሁለቱም ከሳነቴ በብዙ ዝቅ ስለሚሉ ለመተኛት ይመቻሉ። ግን ማለዳ በጨለማ ተነስታችሁ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። ከጎባ ተነስቶ በአስታውና በጥዱ መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ ጊዜ ይወስዳል። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ላይ ለመገኘት ከጠዋቱ 11 ሰዓት አካባቢ መነሳት ያስፈልጋል። የመግቢያ ክፍያውንና አስጎብኚውን ቀድማችሁ ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጨርሱ። በጨለማ በር ላይ ቆሞ መከራከር ጎህን ያስበላል።

በአውቶቡስ ለመሄድ የሚያስብም አለ። ወደ ደሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ በሳነቴ ያልፋል፤ ግን ለእናንተ ፎቶ አይቆምም። መኪና ተጋርታችሁ ተከራዩ።

ወይብ፦ ትዕግሥት ላለው

የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብዛው።

የወይብ ሸለቆ ከዲንሾ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሳነቴ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ወደ 3,500 ሜትር ይሆናል። በክረምት ግማሹ ረግረግ ነው። ውኃው እየተጠራቀመ፣ በሣሩ ሥር እየተንጠባጠበ ወደ ወይብ ወንዝ ይገባል። ባሌ ውስጥ ከሚመነጩት ወንዞች በታች በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እንደሚጠጣ ስታስቡ፣ ይህ እግራችሁን የሚያረጥበው ጭቃ ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

እዚህ በመስኮት የሚታይ ነገር የለም። ከዲንሾ የሚገባው መንገድ ድንጋያማና ሸካራ ነው፤ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ይፈልጋል፤ ዝናብ ከጣለ እሱም ላይበቃ ይችላል። ብዙ ሰው የሚገባው በፈረስ ወይም በእግር ነው። ፈረሱንም፣ የፈረሱን ባለቤትም፣ አስጎብኚውንም ከዲንሾ ታገኛላችሁ። ድንኳን ይያዛል። ማገዶ ከፓርኩ አይለቀምም፤ ቡታጋዝ ያዙ።

ታዲያ ምን ይገኛል? ኑሮው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ባሌ ውስጥ አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ገደማ አዋቂዎች አሉት። ሲያድን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ያያችሁት ብቸኛ ቀበሮ ብቸኛ አይደለም። ጎህ ሲቀድና ማታ ሲሆን ይሰበሰባሉ። ጭራ እየወዘወዙ፣ አፍ ለአፍ እየተላላሱ፣ እያላዘኑ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ተያይዘው የክልላቸውን ድንበር ሲዞሩ በየድንጋዩ ይሸናሉ። ይህን ለማየት እዚያው ማደር አለባችሁ። ከጎባ በጠዋት የሚመጣ ሰው ሁሌም ትንሽ ይዘገያል።

ማለዳው ብርዱ ያማል። ደረቅ ወራት ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሣሩ በአመዳይ ይነጣል። ቀበሮው የሚተኛው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ሜዳው ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ውስጥ ቀብሮ ነው። ስትደርሱ ቀይ ድንጋይ ይመስላል። ጀርባው ፀጉር ላይ አመዳዩ ተጋግሯል። ፀሐዩ ሲነካው መጀመሪያ ጆሮው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ተነስቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይንጠራራል፤ ይራገፋል፤ የአመዳዩ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይበተናል። ካሜራችሁ ዝግጁ መሆን ያለበት ለዚያች ሰከንድ ነው። ባትሪው ደግሞ በዚህ ሰዓት ይከዳል፤ ትርፍ ባትሪውን ደረታችሁ ኪስ ውስጥ፣ ልብስ ሥር አሙቁት።

አደኑ ሌላ ነው። ቀበሮው ፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ ደጅ እንደሚጠና ሰው ይቆማል። አንድ እግሩን አንስቶ ሳያሳርፍ ይቆያል። ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ አንድ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል። ፍልፈሉ ወደ ውስጥ ከተመለሰ እሱም ይተኛል እንጂ አይሄድም። አንዳንዴ ይህ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ድንገት ይዘላል። በዚህ መካከል ስልክ የከፈተ ሰው አለቀለት።

የወይብ ቀበሮዎች ፈረስና ከብት ለምደዋል። በከብት መንጋ መሃል እየተሸሸጉ አይጥ ሲያድኑም ይታያሉ። ስለዚህ በፈረስ ላይ ያለ ሰው ከእግረኛ የተሻለ ይጠጋል። ፎቶ ለማንሳት ግን ውረዱ፤ የፈረስ ትንፋሽ እንኳ 600 ሚሊሜትር ሌንስን ያንቀጠቅጠዋል። ወርዳችሁ ተቀመጡ፤ ከቻላችሁ በደረታችሁ ተኙ። ወደ እሱ አትሂዱ። የሚሄድበትን አቅጣጫ ገምቱና ቀድማችሁ ጠብቁት። የተቀመጠ ሰው አጠገብ ሳይጨነቅ ያልፋል፤ የሚከተለው ሰው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ያርቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በክረምትና ከክረምት መውጫ ላይ ባሌ ውስጥ ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ የሆነ ረጅም አበባ ሜዳውን ይሞላዋል። ቀይ ቀበሮዎች የዚህን አበባ ማር ሲልሱ ታይተው እ.ኤ.አ. በ2024 በጥናት ታትሟል። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል። አፍንጫው በቢጫ ብናኝ ይሸፈናል። ምናልባት ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሲያዳቅል ማለት ነው። ዝናቡንና ጭቃውን ለሚችል ሰው ከዚህ የበለጠ ፎቶ አይታየኝም።

ጓሳ፦ ከጭላዳ ጋር

ጓሳ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር በኩል 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀል ሜዳ ሳይደረስ። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ከባሌ ጋር አይነጻጸርም፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትርን ትንሽ ያልፋል። ቀበሮውም ያንሳል።

እንግዲህ ለምን ይኬዳል? አንደኛ ቦታው የሕዝብ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳ ሣሩን ቤት ሊከድንበት፣ ገመድ ሊሠራበት ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ዛሬም የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የምትከፍሉት ገንዘብም ወደ እነሱ ይሄዳል። ማደሪያው ቀላል ነው፤ ቀለባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ጭላዳው ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮዎች በመቶ በሚቆጠር የጭላዳ መንጋ መሃል ገብተው ያድናሉ። ጭላዳው ሣር ሲግጥ አይጦቹ ይረበሻሉ፤ ወይም ቀበሮውን አያዩትም፤ ብቻ ይሳካለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ እንደሚሳካለት፣ በጭላዳ መሃል ግን ከሦስት ሁለቱ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ቀበሮው ደግሞ ግልገል ጭላዳ በእጁ ሥር እያለፈ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ጭላዳዎቹም ውሻ ሲያዩ ይሸሻሉ እንጂ እሱን አይሸሹትም። የቀላ ደረት ያለው ወንድ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በአንድ ፍሬም! ይህ ባሌ ላይ የለም፤ ባሌ ጭላዳ የለውምና።

ስለዚህ ጓሳ ላይ ቀበሮውን አትፈልጉ። ጭላዳውን ፈልጉ። ጠዋት ከገደሉ ሲወጡ አብራችሁ ሁኑ፤ ሲግጡ አብራችሁ ተቀመጡ። ቀበሮው ከመጣ ይመጣል። ካልመጣ የጭላዳ ፎቶ ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ባዶ እጅ አትመለሱም። ረጅም ሌንስ የሌለው ሰውም እዚህ ይጠቀማል። ጭላዳው በጣም ስለሚጠጋ 200 ሚሊሜትር ይበቃል።

አሁን ያለውን እውነታ መሸፋፈን አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የሰሜን ሸዋ መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ በሌላው ዝግ ሊሆን ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት መሀል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ያለ የምታውቁት ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። የአስጎብኚ ድርጅት "ችግር የለም" ስላለ ብቻ አትነሱ። ባሌም ቢሆን ማጣራቱ አይጎዳም።

ሰሜን ተራሮች በአጭሩ

ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ቀይ ቀበሮ አለ። ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሚገኘውም ጨነቅ ከሚባለው ቦታ በላይ፣ በቧሂትና በራስ ደጀን በኩል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ገደሉ ብዙ፣ ሜዳው ጠባብ፣ እንስሳው ሩቅ። ብዙ ቀን ተጉዞ አንድም ሳያይ የሚመለስ አለ። ለገደሉና ለዋልያው ሂዱ። ለቀበሮ ብላችሁ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ለባሌ አስቀምጡት።

ጎህ ወይስ ረፋድ?

ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ለጎህ ይሞታል። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ቀይ ፀጉሩ ወርቅ ይመስላል። ግን ፍልፈሉ ከጉድጓድ የሚወጣው መሬቱ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ አደኑ የሚደምቀው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ ብርሃኑ ምሕረት የለውም። ነጩ ጉሮሮ ይቃጠላል፤ ፊቱ ይጨልማል።

አብዛኛው ቱሪስት 3 ሰዓት ላይ "በቃ ብርሃኑ ሄደ" ብሎ ለቁርስ ይወርዳል። እኔ ብሆን አልወርድም። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በግማሽ ወይም በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ አድርጉት፤ ነጩ ይተርፋል። ደመና የጣለበት ረፋድ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለቱንም አገኛችሁ፤ አደኑንም ለስላሳ ብርሃኑንም። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ ያለ ቀበሮ በውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ለዚህ ምንም ሌንስ መድኃኒት አይሆንም። መቅረብ ነው፤ ወይም የመጣውን መጠበቅ።

የትኛው ወር?

ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል ባሌ። ደረቁ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ለብዙ ሰው የምመክረው ኅዳርና ታኅሣሥን ነው። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ ኩሬዎቹ አልደረቁም፤ መንገዱ ግን ደርቋል። ግልገሎች የሚወለዱትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጎሬው ብቅ ይላሉ። መንጋው ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ መሪዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ምግብ እያመጡ ያሳድጋሉ።

ግልገል ማየት ያጓጓል። እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ጎሬ አጠገብ አትቀመጡ። እናቲቱ ሰው ካበዛባት ግልገሎቹን በአፏ አንስታ ሌላ ቦታ ትወስዳለች፤ በዚያ ብርድ ሌሊት መንገድ ላይ የሚቀር ይኖራል። ስካውቱ፣ አብሯችሁ የሚሄደው ጠባቂ፣ "ከዚህ አትለፉ" ካለ ያ ነው ወሰኑ። ጎሬ ያለበትን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስትለጥፉም የቦታውን መለያ አጥፉ።

ጥርና የካቲት ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። በሳነቴ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቧል። ሜዳው ቢጫ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በቢጫ ላይ ያምራል፤ አቧራውን ከቻላችሁት።

ካሜራው

ዕቃ ላይ ብዙ አልቆይም። ለሳነቴ 100–400 ሌንስ ይበቃል። ለወይብ 150–600 ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሌንስ የሚያከራዩ አሉ፤ ለአንድ ጉዞ ብሎ መግዛት አያስፈልግም። የሹተር ፍጥነቱ ቀበሮው ሲራመድ ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ፣ ለዝላዩ 1/2000።

ምርጫው በትልቅ ሌንስና በተጨማሪ አንድ ሌሊት መካከል ከሆነ ሌሊቱን ምረጡ። 600 ሚሊሜትር ይዞ አንድ ጠዋት ከሚያሳልፍ ሰው፣ 300 ይዞ ሦስት ጠዋት የሚቀመጠው የተሻለ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ቀበሮዎቹ በየቀኑ በአንድ መስመር ይዞራሉ። በሁለተኛው ቀን የት እንደሚያልፉ ታውቃላችሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውስ? ቀበሮውን ለማጉላት አይሞክር። ዲጂታል ዙሙ ቀዩን ነገር ቀይ ነጠብጣብ ያደርገዋል። ይልቅ ሰፊውን ያንሳ። ቱሉ ዲምቱ ከኋላ፣ ኩሬው ከፊት፣ ቀበሮው መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ። እንዲህ ያለው ፎቶ ፊት ብቻ ከሚያሳየው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ባይኖኩላር ካላችሁ ደግሞ የስልኩን ካሜራ ዓይኑ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ፤ ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ ይሠራል።

ድሮን አትያዙ። ያለ ፈቃድ ሀገር ውስጥ ማስገባት ራሱ ክልክል ነው፤ ከውጭ የምትመጡ ኤርፖርት ላይ ትነጠቃላችሁ። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ቀበሮውንም ወፉንም ያስደነግጣል።

ከፍታው

አውሮፕላን ወደ ሮቤ አለ፤ በመኪና ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሙሉ ቀን ይዟችሁ ይሄዳል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው በማግሥቱ ጠዋት 4,000 ሜትር ላይ ሲቆም ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን ዲንሾ አሳልፉት። እዚያው አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳና ረግረግ ላይ የደጋ አጋዘን በቀላሉ ይገኛል፤ እሱም ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ ነው። ጠዋትና ማታ ከጥዱ ሥር ይወጣል። ቀበሮው ቢያስቸግራችሁ እንኳ ይህን ይዛችኋል። ራስ ምታቱ ከጠና፣ ማስመለስ ከተጨመረበት፣ "ትንሽ ልታገሥ" አትበሉ፤ ወደ ታች ውረዱ።

ውሻ

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ውሻ ነው። እረኞች ይዘዋቸው የሚወጡ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የወይብ ሸለቆ ቀበሮዎች አብዛኞቹ በዚሁ በሽታ አልቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል፤ ውሾቹንም መከተብ ቀጥሏል።

ለእናንተ ይህ ማለት፦ ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ የተከተላችሁን የመንደር ውሻ ምግብ አትስጡት፤ ወደ ሜዳው ይከተላችኋል። ሲንገዳገድ፣ አፉ አረፋ ሲደፍቅ፣ ወይም ሰው ሳይፈራ ወደ እናንተ ሲመጣ ያያችሁት ቀበሮ ካለ ፎቶውን ተዉት። ራቁ። የሞተ ካገኛችሁም አትንኩት። ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉና አብሯችሁ ላለው ስካውት ወይም ዲንሾ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ንገሩ። ወረርሽኝ ሲጀምር አንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ የአንድ መንጋ ዕድሜ ነው።